በዘጠኝ ቀን የተፈረደበት ስልክ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ለዓመታት አንድሮይድ ሲጠቀሙ ኖረው በቅርቡ አይፎን ገዝተዋል። በዘጠነኛው ቀን ስለ አዲሱ ስልካቸው ረዘም ያለ የምሬት ጽሑፍ ጻፉ። አጻጻፋቸው ደስ ይላል፤ ሁለት ቦታ ላይ ብቻዬን ስቄያለሁ። ፍርዳቸው ግን ጠንከር ያለ ነው። ስልኩ የመመለሻ ቁልፍ የለውም ይላሉ። ባትሪው እስከ ማታ አይዘልቅም፣ ራሙ (ክፍት አፖች የሚያርፉበት ሚሞሪ) ትንሽ ነው፣ ካሜራው ከበፊቱ ስልካቸው በሜጋፒክስል (በፎቶው የነጥብ ብዛት) ያንሳል፣ የወረደ ፋይል የት እንደገባ አይታወቅም፣ የዋትስአፕ መልእክት አይሻገርም። የቸሩት ምስጋና አንድ ብቻ ነው፦ ቫይረስ አይነካውም። አንድሮይድ የለመደ ሰው ባይሞክረው ይሻለዋል ብለው ይዘጋሉ።

ልመልስላቸው የተነሣሁት ለአይፎን ጥብቅና ልቆም አይደለም። እኔ ራሴ ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ሄጄ፣ ሦስት ዓመት ቆይቼ፣ ወደ አንድሮይድ ተመልሻለሁ። አሁን ሁለቱንም ይዤ ነው የምዞረው፤ አንዱ የሥራ ነው፣ አንዱ የራሴ። የቱ የቱ እንደሆነ አልናገርም። ከተናገርኩ ሰው ጽሑፉን ትቶ ስልኬን መመርመር ይጀምራል።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ከቅሬታቸው ውስጥ ስንቱ የስልኩ ጥፋት ነው? ስንቱስ የጣታቸው ልማድ? በዘጠኝ ቀን ይህን መለየት ይከብዳል። እንደኔ ግምት አብዛኛው የልማድ ነው፤ ቀላል የማይባለውም አዲስ ስልክ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያሳየው ጠባይ ነው። የሚገርመው፣ እውነተኞቹን የአይፎን ድክመቶች ሳይነኳቸው ነው ያለፉት። እስቲ በተራ እንያቸው። ከታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«የመመለሻ ቁልፍ የለውም»

ትልቁ ቅሬታቸው ይሄ ነው። ጣታቸው ወደ ስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ይሄዳል፣ ይጎትታሉ፣ ምንም አይፈጠርም፣ ይናደዳሉ። ስሜቱን በደንብ አውቀዋለሁ። እኔም የመጀመሪያውን ሳምንት የስክሪኑን ጠርዝ ስቧጥጥ ነው የሰነበትኩት።

እውነት ነው፣ አይፎን ላይ እንደ አንድሮይድ በሁሉም ቦታ የሚሠራ አንድ «ተመለስ» የለም። ኖሮም አያውቅም። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ኤችቲሲ ድሪም በ2008 ሲወጣ የመመለሻ ቁልፍ ይዞ ነው የመጣው። የመጀመሪያው አይፎን ግን በ2007 ሲመጣ ከፊት ለፊቱ የነበረው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ መነሻ ገጽ የሚወስድ። መመለስ የየአፑ ሥራ ሆነ። ቀስቷም ከላይ በግራ ጥግ ተቀመጠች።

ነገሩ ግን ከቁልፍም ያለፈ ነው። ሁለቱ ስልኮች «መመለስ» ሲሉ የሚያስቡት የተለያየ ነገር ነው። አንድሮይድ «ቅድም ወደነበርክበት ልውሰድህ» ይላል። ቅድም የነበሩት ሌላ አፕ ውስጥ ከሆነ ወደዚያ ይወስድዎታል፤ ኪቦርድ ከፍተው ከሆነ ኪቦርዱን ይዘጋል፤ ከዚያ በላይ የሚመለሱበት ከሌለ ከአፑ ያስወጣዎታል። አይፎን ደግሞ «ከዚህ ገጽ አንድ ደረጃ ከፍ ልበል?» ብሎ ነው የሚያስበው። አፑ ውስጥ ነው የሚመልሰው፣ ከአፑ አያስወጣም። ጸሐፊው አንዱን ጠይቀው ሌላው ሲመለስላቸው ስልኩ የተበላሸ መሰላቸው።

ይህን ልዩነት ከያዙ በኋላ መንገዱ ቀላል ነው። አንደኛ፣ ከግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ ይጎትቱ። ይሄ ከ2013ቱ አይኦኤስ 7 ጀምሮ አለ፤ አይኦኤስ የሚባለው አይፎንን የሚያሠራው ሶፍትዌር ነው። ጸሐፊው በቀኝ ጠርዝ ሲታገሉ የሰነበቱት አንድሮይድ ከ2019ኙ ስሪት 10 ወዲህ ከሁለቱም ጠርዝ ስለሚቀበል ነው። አይፎን ቀኙን አይሰማም። ሁለተኛ፣ ከታች ብቅ ብሎ የመጣ ገጽ ከሆነ ወደ ታች ይጎትቱት፤ እንደመጣ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ከሌላ አፕ በሊንክ ዘለው የመጡ ከሆነ ከላይ በግራ ጥግ የበፊቱ አፕ ስም በትናንሽ ፊደል ተጽፎ ያገኙታል፤ እሱን ይንኩ። ወይም ከስክሪኑ ግርጌ ያለችውን አግዳሚ መስመር ወደ ቀኝ ያንሸራትቱ፤ የበፊቱ አፕ ይመጣል።

ሦስት የተለያዩ ነገሮች መልመድ ለምን አስፈለገ ቢሉኝ መልስ የለኝም። አንዱ ይበቃ ነበር። በዚህ ላይ አንዳንድ የአፕ ሠሪዎች የግራውን ጠርዝ ለሌላ ጉዳይ ያውሉታል፤ ያኔ መጎተቱም አይሠራም። ሌላው ሐቅ ደግሞ የላይኛው ግራ ጥግ በቀኝ እጅ ስልክ ለያዘ ሰው ከአውራ ጣቱ የመጨረሻው ሩቅ ቦታ መሆኑ ነው። ስልኩ ትልቅ ከሆነ እጅ ያሳምማል። ለዚህኛው መላ አለው። በሴቲንግ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ታች (Touch) በሚለው ውስጥ ሪቻቢሊቲ የምትባል ምርጫ አለች። ስክሪኑን ወደ ታች ዝቅ ታደርግልዎታለች። እዚያው ገጽ ላይ ባክ ታፕ የሚባል አለ፤ በ2020 ከአይኦኤስ 14 ጋር የመጣ ነው። የስልኩን ጀርባ በጣት ሁለቴ ቆርቆር ሲያደርጉ የመረጡትን ሥራ ይሠራል። ሁለቱን ያገናኟቸው፤ ጀርባውን ሁለቴ ሲመቱት ስክሪኑ ዝቅ ይላል፣ ቀስቷ ጣትዎ አጠገብ ትደርሳለች። እኔ ይህን ያገኘሁት በአምስተኛው ወር ነው። ዘጠኝ ቀን ላይ ብጽፍ ኖሮ አላውቀውም ነበር።

ወደ አንድሮይድ ስመለስ ደግሞ ምን እንደሆነ ልንገርዎ። ረጅም መልእክት እየጻፍኩ ዝም ብዬ ከግራ ጎትቼ ኪቦርዱ ተዘጋ። እንደገና ጎተትኩ፣ ከጽሑፉ ወጣሁ። ሦስተኛ ጊዜ ጎተትኩ፣ አፑ ሄደ። «ምን ዓይነት ስልክ ነው!» አልኩ። ስምንት ዓመት የተጠቀምኩበትን ስልክ ነው እንዲህ ያልኩት።

«ባትሪው እስከ ማታ አይዘልቅም»

ጸሐፊው የሚሉት አምስተኛው ቀን ላይ ስልኩ ከሰዓት በኋላ ቻርጀር ይፈልግ እንደነበር፣ ጀርባውም ይግል እንደነበር ነው። አምናቸዋለሁ። የማላምነው ማስረጃነቱን ነው።

አዲስ ስልክ ላይ የድሮውን ዕቃ ካስገቡ በኋላ ስልኩ ተቀምጦ አይጠብቅዎትም። በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎችን አንድ በአንድ እያየ ፊት ይለያል፣ ዕቃ ይለያል። መልእክትና ፋይል ሲፈልጉ ቶሎ እንዲያገኝ ማውጫ ያዘጋጃል። አፖችን ያወርዳል፣ ከክላውድ ያልጨረሰውን ይጎትታል። ይሄ ሁሉ ባትሪ ይበላል፣ ያሞቃል። ለጥቂት ቀናት ይቀጥላል፤ ከዚያ ያበቃል። አፕልም ከአፕዴት ወይም ከአዲስ ዝግጅት በኋላ ይህ እንደሚያጋጥም በግልጽ ይናገራል። አንድሮይድም ላይ ያው ነው። እንዲያውም ከ2018ቱ ስሪት 9 ጀምሮ አንድሮይድ የትኛውን አፕ መቼ እንደሚከፍቱ እየተማረ ነው ባትሪ የሚቆጥበው። ገና ያልተማረ ስልክ መቆጠብም አይችልም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይሄኛው ስልኩን ሳይሆን እኛን ይመለከታል። አዲስ ስልክ የያዘ ሰው ስልኩን አያስቀምጥም። ሴቲንግ ይከፍታል፣ ካሜራ ይሞክራል፣ የጀርባ ሥዕል ይቀያይራል፣ ለሰው ያሳያል። ስክሪኑ ቀኑን ሙሉ ሲበራ ይውላል። ባትሪውን ከሚበሉት ሁሉ ደግሞ ስክሪኑ ከግንባር ቀደሞቹ ነው። ጸሐፊው ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለውን ቢከፍቱ የትኛው አፕ ስንት እንደበላ፣ ስክሪኑ ስንት ሰዓት እንደበራ ይነግራቸዋል። ይህን ቁጥር ጽሑፋቸው ውስጥ ቢያስገቡት ክርክራችን አጭር ይሆን ነበር።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን ለመፍትሔ ብለው የሚያደርጉት ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ክፍት አፖችን ሁሉ ወደ ላይ እየጠረጉ እንደሚዘጉ ጽፈዋል። ይሄ ልማድ ሥር የሰደደ ነው፤ ስልክ በእጁ ይዞ ሲያወራ አፕ የሚጠርግ ሰው ያላየ የለም። እንደ መቁጠሪያ ነው፣ ያረጋጋል መሰለኝ። ባትሪ ግን አይቆጥብም። ክሬግ ፌደሪጊ የአፕል የሶፍትዌር ኃላፊ ናቸው። በ2016 አንድ ተጠቃሚ ይህንኑ ለወቅቱ የአፕል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለቲም ኩክ ጽፎ ሲጠይቅ የመለሱለት እሳቸው ነበሩ፤ መልሳቸውም አይረዳም የሚል ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከአንድ አፕ ሲወጡ አይፎን ከጥቂት ጊዜ በኋላ አፑን ያደነዝዘዋል። ሚሞሪ ላይ ቦታውን ይዞ ይተኛል እንጂ አይሠራም፤ ፕሮሰሰሩን አይነካም። ሲመለሱ ካቆሙበት ይነሣል። ጠርገው ከዘጉት ግን በሚቀጥለው ጊዜ ከዜሮ ነው የሚነሣው፤ ከማከማቻው እንደገና ይጫናል፣ ከኢንተርኔት እንደገና ይቀዳል። ተኝቶ የነበረውን ገድለው እንደገና ሲወልዱት ነው ባትሪው የሚደክመው። የተለየ የሚሆነው አፑ ከበላይ ሳይታይ እየሠራ ከሆነ ነው፤ የመንገድ መሪ፣ ሙዚቃ፣ ወይም ተበላሽቶ የተንጠለጠለ አፕ። እነዚህን መዝጋት ልክ ነው። የቀሩትን ይተዋቸው። በሥውር የሚያድስ አፕ ካስቸገረ ሴቲንግ ውስጥ ባክግራውንድ አፕ ሪፍሬሽ የሚለውን ለዚያ አፕ ብቻ ማጥፋት ይሻላል።

«ራሙ ትንሽ ነው»

የድሮ ስልካቸው 12 ጊጋባይት ራም ነበረው። አዲሱ ግማሹ ነው። ስለዚህ ተታለልኩ ይላሉ።

ቁጥሩ ልክ ነው፣ ማወዳደሩ ግን አይሄድም። የአንድሮይድ አፖች በአብዛኛው ኮትሊን ወይም ጃቫ በሚባሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች የተጻፉ ናቸው። የሚሠሩበት ሥርዓት የማይፈለገውን ነገር እየሰበሰበ የሚጥለው በየተወሰነ ጊዜ እየተነሣ ነው። እስኪነሣ ድረስ ቆሻሻው ይከማቻል፤ ስለዚህ ሰፋ ያለ ቤት ያስፈልገዋል። የአይፎን አፖች አንድ ነገር የሚጠቀምበት ሲያጣ ያኔውኑ ይለቁታል። ጠበብ ያለ ቤትም ይበቃቸዋል። አፕል የአይፎንን ራም በዝርዝር መግለጫው ላይ እንኳ አይጽፍም።

ይህን ስል ግን ራም ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ብዙ ድረ ገጽ ከፍተው ሲመለሱ እንደገና የሚጫነው ሚሞሪ ሲጠብብ ነው። የአፕል አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ አገልግሎት በ2024 ሲመጣ 8 ጊጋባይት ያለው አይፎን 15 ፕሮ ሲያገኘው 6 ጊጋባይት ያለው አይፎን 15 ቀርቶበታል። ሁለቱ የአንድ ዓመት ስልኮች ናቸው። ጸሐፊው ይህን ቢያነሡ ኖሮ የምለው ባልኖረኝ።

«ካሜራው በሜጋፒክስል ያንሳል»

ይሄኛውን በአጭሩ። 200 ሜጋፒክስል ያለው የሳምሰንግ ስልክ ራሱ በተለመደው አሠራሩ የሚያነሣው ፎቶ 12 ሜጋፒክስል ነው። አሥራ ስድስት ትናንሽ ነጥቦችን አንድ አድርጎ ብርሃን ይሰበስባል። አይፎን ከ2015 እስከ 2021 በ12 ሜጋፒክስል ነው የቆየው፤ በእነዚያ ዓመታት ፎቶው እየተሻሻለ እንጂ እየባሰ አልሄደም። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርገው አጉልተው ይዩ። ሣጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አያወዳድሩ።

«ፋይል የት እንደሚገባ አይታወቅም»

እዚህ ላይ ግማሽ በግማሽ እንስማማለን። አንድሮይድ ላይ አንድ የዳውንሎድ ፎልደር አለ፤ አብዛኛው ነገር እዚያ ይወርዳል። ኮምፒውተር ላይ በገመድ ሲሰኩት እንደ ፍላሽ ይከፈታል። አይፎን ላይ እያንዳንዱ አፕ የራሱ ዝግ ክፍል አለው። ፎቶው ፎቶስ በሚባለው አፕ ውስጥ ነው፣ ሰነዱ ደግሞ በከፈተው አፕ ውስጥ። ፋይልስ የሚባለው አፕ ራሱ የመጣው በ2017 ነው። እስከዚያ ድረስ ለአሥር ዓመት ሰው እንዴት ኖረ እላለሁ አንዳንዴ።

ጸሐፊው የጠፋባቸው ፒዲኤፍ ግን አልጠፋም። በሳፋሪ (በአይፎን የድረ ገጽ መክፈቻ) የወረደ ፋይል ካልቀየሩት በቀር የሚገባው አይክላውድ ድራይቭ በሚባለው የአፕል የኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ ባለው ዳውንሎድስ ነው። ስልኩ ላይ ይሁን ካሉ በሳፋሪ ሴቲንግ ውስጥ ዳውንሎድስ የሚለውን ይለውጡ። ፍላሽም ከ2019ኙ አይኦኤስ 13 ወዲህ ይነበባል። ወደ ኮምፒውተር የላኩት ፎቶ አልከፍት ያላቸው ግን በሌላ ምክንያት ነው። አይፎን ከ2017 ጀምሮ ፎቶ የሚያስቀምጠው ቦታ በሚቆጥብ ሄይክ በሚባል ቅርጽ ነው፤ የቆዩ ኮምፒውተሮች አያውቁትም። በካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ፎርማትስ የሚለውን ገብተው ሞስት ኮምፓቲብል ሲያደርጉት በጄፔግ ማንሣት ይጀምራል።

አንድ ነገር ልጨምር። «አንድሮይድ ግን ክፍት ነው» የሚለው ራሱ እየተቀየረ ነው። ከስሪት 10 እና 11 ወዲህ፣ ማለትም ከ2019 እና ከ2020 ጀምሮ፣ አንድሮይድም አፖች እንደፈለጉ በየፎልደሩ እንዳይገቡ እያጠረ መጥቷል። ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት ወደ አንድ ሰፈር እየሄዱ ነው።

«ዋትስአፕ አይሻገርም»

እስከ 2022 ድረስ ይህ ቅሬታ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነበር። አንድሮይድ ላይ ዋትስአፕ ባክአፑን (የመልእክቶቹን መጠባበቂያ ቅጂ) የሚያስቀምጠው ጉግል ድራይቭ ላይ ነው። አይፎን ላይ ደግሞ አይክላውድ ላይ። አንዱ የሌላውን አያነብም። ሰው የዓመታት ወሬውን ትቶ ይሻገር ነበር።

በ2022 ግን መንገድ ተከፈተ። ሙቭ ቱ አይኦኤስ በሚባለው አፕ፣ አዲሱ አይፎን ገና ሲዋቀር፣ ከሚሻገሩት ነገሮች መካከል ዋትስአፕን መምረጥ ነው። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ሰላምታውንና የቋንቋ ምርጫውን አልፈው ስልኩን መጠቀም ከጀመሩ በኋላ አይሆንም፤ ስልኩ አዲስ ወይም እንደ አዲስ የተጠረገ መሆን አለበት። ጸሐፊው ስልኩን አዘጋጅተው ጨርሰው፣ ዋትስአፕ አውርደው፣ ከዚያ ባክአፑን ሲፈልጉ ነው ያጡት። ይህን አስቀድሞ በትልቁ የሚነግር ሰው የለም። ስለዚህ መናደዳቸው አይገርመኝም። ግን አይሻገርም ማለት ሌላ ነው፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ደረስኩ ማለት ሌላ።

የቴሌግራም መልእክቶቻቸው ያለ ምንም ችግር መምጣታቸውን ጠቅሰው «ይኸው፣ ይቻላል» ብለዋል። ቴሌግራም መልእክቱን የሚያስቀምጠው በራሱ ሰርቨር ላይ ነው፤ የትም ሲገቡ ያገኙታል። ስልኩ አይደለም ያሻገራቸው። ደግሞም ሁሉም አልመጣም። ሚስጥራዊ ወሬ የሚባለውን ከፍተው ከነበረ እሱ በተጀመረበት ስልክ ላይ ነው የሚቀረው።

«ቫይረስ አይነካውም»

ከቅሬታቸው ሁሉ ይልቅ የከነከነኝ ምስጋናቸው ነው። ቅሬታው ቢበዛ ሰው ስልክ እንዳይገዛ ያደርጋል። ይሄኛው ግን ሰው ያዘናጋል።

አሕመድ መንሱር የተባሉ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሰብአዊ መብት ተሟጋች በነሐሴ 2016 አይፎናቸው ላይ ሊንክ ያለበት አጭር መልእክት ደረሳቸው። አልነኩትም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ሲቲዝን ላብ ላኩት። ተመራማሪዎቹ ሉክአውት ከተባለ ኩባንያ ጋር ሆነው ሲመረምሩት ፔጋሰስ የተባለውን የስለላ ሶፍትዌር አገኙ። ሊንኩን ቢነኩት ኖሮ ማንም ባላወቃቸው ሦስት ቀዳዳዎች ገብቶ ስልኩን በሙሉ ይወርስ ነበር። አፕል በአይኦኤስ 9.3.5 ደፈነው። ያም አይፎን ነው።

በእርግጥ ፔጋሰስ የተራ ሰው ራስ ምታት አይደለም። ጸሐፊው ሊሉ የፈለጉትም ይገባኛል። አይፎን ከራሱ መደብር ውጭ አፕ አያስጭንም፤ በ2024 እንደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በሕግ ከተገደደባቸው ቦታዎች በስተቀር። አንድሮይድ ያስጭናል፣ የተበላሹ አፖችም በብዛት የሚገቡት በዚያ በር ነው። ከመደብሩ ብቻ ለሚያወርድ ሰው ግን ልዩነቱ እንደሚወራው አይሰፋም። የውሸት የባንክ ገጽ ላይ ፓስወርዱን ራሱ የሚጽፍ ሰውን ደግሞ የትኛውም ስልክ አያድነውም። ጸሐፊው አይፎን ከያዝኩ ወዲህ ሊንክ እንደልቤ እከፍታለሁ ብለዋል። እባክዎ፣ ይህን መስመር ያውጡት።

ያልጠቀሷቸው

እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን ምን እጽፍ ነበር? ኖቲፊኬሽኑን እጽፍ ነበር። አንድሮይድ ከ2017ቱ ስሪት 8 ጀምሮ የአንድ አፕን ማሳወቂያ በዓይነት በዓይነት ይከፍለዋል፤ የመገበያያ አፕ «ዕቃህ ደረሰ» ሲል ይጮኻል፣ «ቅናሽ አለ» ሲል ዝም ይላል። አይፎን ላይ ሠሪው ራሱ በአፑ ውስጥ ካላበጀው በቀር ወይ ሁሉንም ነው ወይ ምንም። ሁለት አፕ በአንድ ስክሪን ከላይና ከታች ከፍሎ መሥራትንም እጽፍ ነበር። አንድሮይድ ከ2016 ጀምሮ ይችላል፤ አይፎን ላይ የለም። ያ አፖችን ቶሎ የማደንዘዝ ነገርም ዋጋ ያስከፍላል። ትልቅ ቪዲዮ እየላኩ ወደ ሌላ አፕ ከሄዱ መላኩ መሃል ላይ ሊቆም ይችላል። እኔ ስልኩን ክፍት አድርጌ እንደ ሕፃን ስጠብቀው አምሽቻለሁ።

በገንዘብ የገዟቸውን አፖች ነገርም አላነሡም። ከአንዱ መደብር የተገዛ አፕ በሌላው አይሠራም፤ እንደገና ይከፈላል። በየወሩ የሚከፈልባቸው ግን በአገልግሎቱ በራሱ አካውንት የተከፈሉ ከሆነ አብረው ይሻገራሉ። ከመግዛት በፊት ቁጭ ብሎ ማስላት ያለበት ይሄን ነው። ከመመለሻ ቁልፉ የበለጠ ይቆረቁራል።

ስለ አሮጌው ስልክ

የጻፉት የመጨረሻው ነገር ይሄ ነው፦ የፊታችን ቅዳሜ አሮጌውን ስልክ ጠርገው ለእህታቸው ልጅ ሊሰጡ ነው። ሌላውን ሁሉ ቢተዉት እንኳ እዚህ ላይ ትንሽ ይቆዩኝ።

እኔም እንዲሁ ነበር ያደረግኩት። አዲሱ ስልክ በመጣ በሦስተኛው ቀን አሮጌውን ጠርጌ ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁ። ፎቶው መጥቷል፣ ስልክ ቁጥሩ መጥቷል፣ ሌላ ምን ቀረ? በሳምንቱ ወደ አንድ የሥራ አካውንቴ ልገባ ስል ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ ጠየቀኝ። ኮዱን የሚያወጣው አፕ አዲሱ ስልክ ላይ አለ፤ ከፈትኩት፣ ባዶ ነው። ቁልፎቹ የነበሩት አሮጌው ስልክ ውስጥ ብቻ ነበር፤ አሮጌው ስልክ ውስጥ ደግሞ አሁን የወንድሜ ጌሞች ናቸው ያሉት። አካውንቱን ለማስመለስ አሥራ ሰባት ቀን ፈጀብኝ። መታወቂያ ላክ፣ ጠብቅ፣ እንደገና ላክ። ማንንም አልወቅስም፣ እጄን ያስቸኮልኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ነገሩ ቀለል ብሏል። ለምሳሌ ጉግል ኦተንቲኬተር የሚባለው የኮድ አፕ ከ2023 ጀምሮ ቁልፎቹን ከጉግል አካውንት ጋር ማያያዝ ይችላል። ግን ማያያዙን እርስዎ ካልፈቀዱ አይያያዝም። ሁለቱም ስልኮች ገና በእጅዎ ስላሉ ሥራው የአሥር ደቂቃ ነው። አሮጌው ላይ የኮድ አፑን ይክፈቱ፣ አካውንት ማሻገሪያ የሚለውን ይንኩ፣ የሚያወጣውን ኪውአር ኮድ በአዲሱ ስልክ ስካን ያድርጉ። ከዚያ በእያንዳንዱ አካውንት በአዲሱ ስልክ አንድ ጊዜ ወጥተው ይግቡ። የዋትስአፑም ነገር ከዚህ አስቀድሞ፣ ኮዶቹን ከማሻገርዎ በፊት፣ ሊፈታ ይችላል። ዘጠኝ ቀን ብዙ ዕቃ አይከማችም፤ አይፎኑን ጠርገው እንደ አዲስ ቢያዋቅሩት፣ በዚህኛው ዙር ዋትስአፕን ቢመርጡ፣ የዓመታት መልእክትዎ ተከትሎዎት ይመጣል። አሮጌው ስልክ ካልተጠረገ ብቻ ነው ይሄ የሚሆነው። የእህትዎ ልጅ አንድ ሳምንት ይታገሥ።